ከበረቱ በፊት የጀመረ ሳል

ከቦረና የተነሣው የጭነት መኪና ሞጆ ወይም አዳማ ዳርቻ ካሉት ማድለቢያዎች ደጅ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ገና አልነጋም። ረዳቱ ወርዶ የኋላ መዝጊያውን ይፈታል። ሾፌሩ መኪናውን በአፈር ወደ ተደለደለው ማራገፊያ እየመለሰ ያስጠጋል። መጀመሪያ የሚሰማው ሰኮና ጣውላውን ሲረግጥ ነው፤ ቀጥሎ ሳል ይሰማል። ሻኛቸው የቆመ፣ ጎናቸው ግን የገባ ነጫጭና ግራጫ ኮርማዎች እየተጋፉ ይወርዳሉ። ገሚሱ በቀጥታ ወደ ውሃው ገንዳ ያመራል። ገሚሱ ግራ ተጋብቶ በሩ ሥር ይቆማል። ሁለት ሦስቱ ደግሞ ጆሯቸውን ጥለው፣ አንገታቸውን ዘርግተው፣ ውሃም ሰውም የማይታያቸው ሆነው ይቀራሉ።

ባለቤቱ በዚያ ሰዓት ቁመት፣ አጥንትና የመድለብ ተስፋ ይመለከታል። ጥሩ የከብት ሐኪም አጠገቡ ቢቆም ግን ዓይኑ የሚያርፈው አፍንጫቸው ላይ ነው። ንፍጡ ውሃ መሰል ነው ወይስ ወፍሮ ቢጫ ሆኗል? አፍንጫው ደርቋል? ከብቱ ሲተነፍስ ጎኑ ይሠራል ወይስ ሆዱ? ኮርማው ከ90 ቀን በኋላ በሥጋ ሞልቶ ወደ ገበያ ይወጣ ወይም በሁለተኛው ሳምንት ተዘርሮ ይገኝ እንደሆነ የሚነግሩት እነዚህ ትናንሽ ምልክቶች ናቸው።

ለሥጋ ተሰብስበው የሚደልቡ ከብቶችን በዓለም ዙሪያ ከምንም በላይ የሚያሳምማቸው የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባካሄደው አገር አቀፍ የማድለቢያዎች ጥናት ከከብቶቹ 16 በመቶ ያህሉ በማድለቢያ ቆይታቸው በዚህ በሽታ ተይዘዋል። የአገሪቱ አርቢዎች ከድሮ ጀምሮ የጉዞ ትኩሳት ብለው ይጠሩታል። እኛም ዘንድ የሚከሰተው በዚያው ጊዜ ነው፤ ከብቱ ከተራገፈ በኋላ ባሉት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንታት። ባለቤቱ በረቱን ይጠረጥራል፤ መኖውን ይቀይራል፤ ሠራተኛውን ይወቅሳል። በሽታው ግን በአብዛኛው ከበረቱ አልተነሣም። ኮርማው ይዞት መጥቷል፤ ወይም ገበያ ላይ አጠገቡ ከቆመው ኮርማ ተቀብሎታል። ማድለቢያው የሚያየው ፍጻሜውን ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተውም ለዚህ ነው፤ ገንዘባችንንና መድኃኒታችንን የምናፈሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

መንገዱ

የቦረና ኮርማ ጠንካራ ከብት ነው። ድርቅ አሳልፏል፤ ሰዎች ተደርድረው እየተቀባበሉ ከሚቀዱት ጥልቅ ኤላ ጠጥቷል፤ ሣር ፍለጋ ብዙ ተጉዟል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ መኪና ላይ አንድ ሁለት ቀን መቆም ምንም የማያደርገው ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ኮርማው የለመደው ድካም ሌላ ነው፤ እዚህ የሚገጥመው ሌላ።

ዱብሉቅ ወይም ሃሮ ባኬ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ መኪና ለመሙላት የሚገዛቸው ኮርማዎች ከአንድ መንጋ አይመጡም። አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከደቡብ፣ አንዱ ከድንበር ማዶ ይሆናል። እያንዳንዱ በኖረበት መንጋ ውስጥ ያሉትን ጀርሞች ለምዷል፤ የጎረቤቱን ግን አያውቅም። አንድ ቀን ሙሉ በአንድ አጥር ውስጥ አፍንጫ ለአፍንጫ ይተሻሻሉ፤ ከዚያ ይጫናሉ። ከያቤሎ እስከ ሞጆ በቡሌ ሆራ፣ በዲላ፣ በሐዋሳ፣ በሻሸመኔና በባቱ አድርጎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያ መንገድ ላይ ውሃ የለም፤ መተኛት የለም። የወደቀ ይረገጣል። የደጋው የሌሊት ብርድና የስምጥ ሸለቆው የቀን ሙቀት ይፈራረቃሉ። ረጅም ጉዞ የተጓዘ ከብት ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል አጥቶ ሊደርስ ይችላል። የሚያጣው ከሆዱና ከሰውነቱ የሚወጣውን ውሃ ነው፤ ውሃው ሲቀንስ ደግሞ የአየር ቧንቧውን የሚያጥበው ርጥበት ይደርቃል።

ሰውነት ሲጨነቅ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ለአጭር ጊዜ አደጋ የሚያዘጋጅ ነው፤ ለቀናት ሲቆይ ግን የመከላከያ ኃይሉን ያዳክማል። ኮርማው ከመኪናው ሲወርድ ደግሞ ጭንቀቱ አያበቃም። ያልተኮላሹ ኮርማዎች አዲስ በረት ሲገቡ የበላይነትን ለመለየት ይዋጋሉ፤ ደካማው ከገንዳው ይባረራል። ሣር ብቻ የሚያውቀው ሆድ በድንገት ፍሩሽካና ፋጉሎ ይቀርብለታል። በደረቁ ወራት የበረቱ አቧራ ሲታከልበት ለሳንባ የሚያዝን ነገር አይቀርም።

አፍንጫ ውስጥ የሚኖረው

ብዙ አድላቢዎች በሽታው ከውጭ የመጣ አንድ ጀርም ይመስላቸዋል። እውነቱ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ዋናው ገዳይ ማንሄይሚያ ሄሞሊቲካ የተባለው ባክቴሪያ ጤነኛ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ በሰላም ይኖራል። ቀድሞ ፓስቸሬላ ሄሞሊቲካ ይባል ነበር፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በጤናው ጊዜ የሚበዛው ጉዳት የማያደርሰው ዓይነት ነው። ከብቱ ሲጨነቅ ወይም በቫይረስ ሲጠቃ ግን ሌላው፣ ክፉው ዓይነት ተራብቶ ቦታውን ይይዛል፤ ከዚያ በትንፋሽ እየተሳበ ወደ ሳንባ ይወርዳል።

ጤነኛ ሳንባ በራሱ ይከላከላል። የአየር ቧንቧውን የሸፈኑት እጅግ ጥቃቅን ፀጉሮች ዘወትር እየተርገበገቡ የገባውን ቆሻሻ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ የሚያመልጠውን በሳንባው ከረጢቶች ውስጥ ያሉ ዘበኛ ሕዋሳት ይውጡታል። እዚህ ላይ ነው ቫይረሶቹ የሚገቡት። ፓራኢንፍሉዌንዛ 3 እና የከብት ሲንሲሻል ቫይረስ ፀጉር ያላቸውን ሕዋሳት ያረግፋሉ፤ ዘበኞቹንም ያዳክማሉ። የከብት ሄርፒስ ቫይረስ 1 አፍንጫንና የላይኛውን ቧንቧ ያቆስላል፤ በአሜሪካ ኮሎራዶ ማድለቢያዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በግልጽ የታወቀውም ከብት በብዛት በአንድ ቦታ መሰብሰብ በጀመረበት ዘመን ነው። ይህ ቫይረስ አንድ ጊዜ የገባበትን ከብት አይለቅም። በፊት ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ይቆይና ከብቱ ሲጨነቅ እንደገና ይነቃል። በገበያ ላይ ፍጹም ጤነኛ የነበረ ኮርማ ማድለቢያ ከደረሰ በኋላ ቫይረስ እየረጨ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የከብት ቫይራል ተቅማጥ በሽታ የሚባለው ነው። ስሙ ተቅማጥ ይበል እንጂ ትልቁ ጥፋቱ የመከላከያ ኃይልን ማዳከሙ ነው። ላሟ በእርግዝናዋ ከ40ኛው እስከ 120ኛው ቀን ገደማ ባለው ጊዜ በዚህ ቫይረስ ከተያዘች የጽንሱ ሰውነት ቫይረሱን የራሱ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል፤ አይዋጋውም። ጥጃው ቢተርፍ ዕድሜውን ሙሉ በንፍጡ፣ በምራቁና በሽንቱ ቫይረስ ይረጫል። እንዲህ ያለ አንድ ከብት በረት ውስጥ ካለ የጎረቤቶቹን ሁሉ መከላከያ ያወርዳል፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚያገኘው ሳንባቸው በባክቴሪያ የተጠቃ ከብቶችን ብቻ ነው።

በሩ ሲከፈት ማንሄይሚያ ሥራውን ይጀምራል። ሉኮቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ መርዙ በተለይ የከብትና የበግን የመሰሉ አመንዣኪ እንስሳትን ነጭ የደም ሕዋሳት ይገድላል። ሕዋሳቱ ጀርሙን ሊዋጉ በብዛት ይመጣሉ፤ እዚያው ይፈነዳሉ፤ ጀርሙን ለመግደል የያዙት ኃይለኛ ኬሚካል በገዛ ሳንባቸው ላይ ይፈስሳል። ሳንባውን አብዛኛውን የሚያጠፋው የከብቱ የራሱ ሠራዊት ነው። ስለዚህም ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት ዘግይቶ ሲሰጥ ጀርሙ ቢሞትም የፈረሰው ሳንባ አይመለስም።

ከማንሄይሚያ ጋር ሌሎችም አሉ። ፓስቸሬላ መልቶሲዳ አለ፤ ሂስቶፊለስ ሶምናይ ከሳንባ አልፎ ልብና አንጎል ይደርሳል፤ ማይኮፕላዝማ ቦቪስ ሳንባ ውስጥ አይብ መሰል መግል እየቋጠረ፣ መገጣጠሚያዎችን እያሳበጠ፣ ከብቱን ለሳምንታት ያከሳዋል። ማይኮፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ የለውም። ፔኒሲሊን ጀርም የሚገድለው ያን ግድግዳ እንዳይሠራ በማድረግ ስለሆነ እዚህ ምንም አይሠራም። ቢሆንም ሳል በሰሙ ቁጥር የፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ድብልቅ የሚወጉ ማድለቢያዎች ጥቂት አይደሉም።

ከብት ለዚህ ሁሉ በተፈጥሮው የተጋለጠ ነው። ሳንባው ከገላው ግዝፈት አንጻር ትንሽ ነው፤ ክፍልፋዮቹም በወፍራም ሽፋን ተለያይተዋል። አንዱ ክፍል ሲደፈን አየር ከጎረቤቱ ክፍል አይሻገርለትም። የከብት ሳንባ ትርፍ አቅም የለውም ማለት ይቻላል።

የኛ ተጨማሪ ዕዳ

እስካሁን የተባለው የኮሎራዶንም የሞጆንም ማድለቢያ ይመለከታል። ልዩነትም አለ። አሜሪካ ውስጥ ወደ ማድለቢያ ከሚገቡት ብዙዎቹ ገና ወጣት ከብቶች ናቸው፤ የኛዎቹ ያደጉ ኮርማዎች ስለሆኑ ብዙዎቹን ቫይረሶች ቀድመው ያውቋቸዋል። በዚህ እንጠቀማለን። የምንጎዳበት ደግሞ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1892 ከምድሯ ያጠፋችው በሽታ እኛ ጋ እስከ ዛሬ በመኖሩ ነው። ባለሙያዎች ሲቢፒፒ ይሉታል፤ ተላላፊው የሳንባና የሳንባ ሽፋን በሽታ፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ አርቢዎች ሶምቤሳ የሚሉት። አሜሪካኖቹ የመጀመሪያውን የፌዴራል የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1884 ያቋቋሙት በዋነኝነት ለዚህ በሽታ ሲሉ ነበር፤ በስምንት ዓመት ውስጥ በመለየትና በማረድ አጸዱት። ከብቱ ሀብቱም ምግቡም ለሆነ፣ ድንበር ተሻግሮ ለሚያሰማራ አርብቶ አደር ግን ያ መንገድ አይሆንም።

የበሽታው ክፋት በዝግታው ነው። ከብቱ ጀርሙን ከተቀበለ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በጤናው የተገዛ ኮርማ የማድለብ ጊዜው ሲያልቅ ሊታመም ይችላል። የተሻለው ከብትም ሁልጊዜ አይታመንም፤ የሞተው የሳንባ ቁራጭ በወፍራም ሽፋን ተጠቅልሎ ውስጡ ሕያው ጀርም እንደያዘ ለወራት ይቀመጣል። ሆዱ ሲከፈት ከማንሄይሚያ በቶሎ ይለያል። በማንሄይሚያ የሞተ ከብት የፊተኛውና የታችኛው የሳንባው ክፍል ደምቆ ጠቁሮ እንደ ጉበት ይጠጥራል። በሲቢፒፒ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቃው አንዱ ጎን ብቻ ነው፤ ሳንባው በወፈሩ ነጫጭ መስመሮች ተከፋፍሎ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ደረቱ ውስጥ ገለባ ቀለም ያለው ውሃ በብዛት ይጠራቀማል። የሞተውን ከብት ሆድ ሳይከፍቱ መቅበር ወይም ለውሻ መጣል ይህን ሁሉ ዕውቀት አብሮ መጣል ነው።

ወደ ዓረብ አገሮችና ወደ ግብፅ የሚሄድ ኮርማ በኳራንታይን ሲቆይ ደሙ ከሚመረመርባቸው በሽታዎች አንዱ ይኸው ነው። ምርመራው ላይ የተያዘ ኮርማ ይቀራል። ለሦስት ወር የተቀለበ ከብት ከመርከብ በር የመመለሱ ኪሳራ በአንድ ነጋዴ ላይ የሚወድቅ ቢመስልም የአገሪቱን ስም ጭምር ይነካል።

በአንድ ወቅት ይህን በሽታ ገፍተነው ነበር። ደስታ በሽታን ለማጥፋት በተካሄዱት ታላላቅ ዘመቻዎች ብዙ ከብት የደስታንና የሳንባ በሽታን ክትባት አብሮ ይወስድ ነበር። ደስታ ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ከብቱ በደስታ አልቆ ክፉ ቀንን ላሳለፈ ሕዝብ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጅምላ የደስታ ክትባቱ ሲቆም አብሮት ይሰጥ የነበረውም ቀረ፤ የሳንባ በሽታው ተመልሶ ተስፋፋ። በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ያን ያህል ልምድ፣ ያን ያህል የሠለጠነ ከታቢ፣ ያን ያህል የማቀዝቀዣ ሰንሰለት የነበራት አገር አንዱን ጠላት አሸንፋ ሌላውን ችላ ማለት አልነበረባትም።

ክትባቱ ዛሬም አለ። ቢሾፍቱ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል፤ ቲ1/44 ይባላል። የሲቢፒፒ ጀርም የማይኮፕላዝማ ዘር ነው፤ ክትባቱም የተዳከመ ሕያው ጀርም ነው። ሕያው በመሆኑም ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከተበጠበጠ በኋላ በፀሐይ ብዙ አይቆይም፤ ከለላውም አንድ ዓመት ያህል ነው። ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር ብዙዎች አያስተውሉም። ማድለቢያ የደረሰን ኮርማ በዚያው ዕለት ይህን ክትባት ከትቦ ለጥንቃቄ ብሎ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚወጋ ሰው በገዛ እጁ ክትባቱን ገድሎታል። ሕያው ማይኮፕላዝማ የያዘ ክትባትና ማይኮፕላዝማ የሚገድል መድኃኒት በአንድ ከብት ላይ አብረው አይሄዱም።

ከብት ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው የጎሮርሳ ክትባትም የተሠራው ከፓስቸሬላ መልቶሲዳ ነው። ያን በሽታ ይከላከላል፤ ማንሄይሚያን ለመከላከል ታስቦ አልተሠራም። ስለዚህ ኮርማዎቹን አስከትቦ ሳል ሲያይ ክትባቱ ውሸት ነው የሚል አድላቢ ክትባቱን ከማይዋጋው ጀርም ጋር እያዋጋው ነው።

ቴርሞሜትር

ከብት ታዳኝ እንስሳ ነው፤ ሕመሙን ይደብቃል። ሰው ሲቀርበው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ጆሮውን ያቆማል። ስለዚህ በሽታ ፈላጊ በረት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ ያያል። መኖ ሲፈስስ ማን ቀደመ? ማን ዘግይቶ መጣ? ማን ሁለት ጉርሻ ወስዶ ተመለሰ? ብቻውን ጥግ የያዘው ማን ነው?

የአዳማ ከሰዓት በኋላ ሞቃት ነው። በዚያ ሰዓት ጤነኛው ኮርማም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ሙቀቱም ከፍ ይላል። ስለዚህ ሙቀት የሚለካው ማለዳ ነው፤ ያውም ኮርማው ሳይባረርና ሳይታገል። የጤነኛ ከብት ሙቀት 38.5 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 40 ከደረሰና ከብቱም ከመኖ ከራቀ ሕክምና መጀመር ይገባል። አንድ ቴርሞሜትር ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ዋጋ አይበልጥም። ሆኖም መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ቴርሞሜትር የሌለበት ማድለቢያ ማግኘት ቀላል ነው። ያለ ልኬት የሚወጋ መርፌ የሚውለው ሁለት ቦታ ነው፤ ያልታመመው ላይ በከንቱ፣ የታመመው ላይ ዘግይቶ።

ረጅም ጊዜ የሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከተወጋ በኋላ ሥጋው ለምግብ እስኪሆን 28 ቀን ያህል መጠበቅ አለበት። ሊሸጥ ሳምንት የቀረውን ኮርማ የወጋ ሰው መድኃኒቱን ወደ ሰው ማዕድ ልኮታል። ያለ ልክ የሚሰጥ መድኃኒት ጀርሙን ያላምደዋል፤ ነገ ለእውነተኛው ሕመም ሲፈለግ አይሠራም።

ቄራው የሚያውቀው

በማድለቢያ የሚታየው ሕመም ትንሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጥጆችን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ቄራ ተከታትሏል። በመተንፈሻ በሽታ የታከሙት 35 በመቶ ነበሩ፤ ሲታረዱ ግን 72 በመቶው ሳንባ ላይ የበሽታ ጠባሳ ተገኘ። አንድም ቀን ታመሙ ተብለው ካልታከሙት መካከል እንኳ 68 በመቶው ጠባሳ ነበረባቸው። ጠባሳ ያለባቸው በየቀኑ የሚጨምሩት ክብደት ከሌሎቹ በ76 ግራም ያነሰ ነበር። በ90 ቀን ሲሰላ ወደ 7 ኪሎ ይሆናል። የኛ ኮርማ የአሜሪካ ጥጃ አይደለም፤ ቁጥሩ እንዳለ አይገለበጥም። ነገር ግን 100 ኮርማ ያለው ሰው 70ዎቹ ሳይታወቅ እንዲህ ቢጎዱ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ክብደት ሳያየው ከእጁ ወጥቷል። ለዚያ ክብደት የሚሆነውን መኖ ገዝቷል፤ አብልቷል፤ ከፍሏል።

የኛ ቄራዎች ተቆጣጣሪዎችም የተበላሸ ሳንባ በየቀኑ ይጥላሉ፤ ይመዘግባሉም። መዝገቡ ግን ወደ አድላቢው አይመለስም። የዚህ ማድለቢያ ከብቶች ሳንባ እንዲህ ነበር የሚል አንዲት ወረቀት ለባለቤቱ ብትደርስ ከየትኛው ገበያ የገዛቸው፣ በየትኛው ነጋዴ የመጡት እንደተጎዱ ያውቅ ነበር።

የሚረዳው ነገር ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ክትባት የሚሠራው ከተሰጠ ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ኮርማው ከቦረና ሳይወጣ መከተብ አለበት፤ በደረሰበት ዕለት የሚሰጠው ክትባት በሽታው ከሚጀምርበት ቀን ጋር ይሽቀዳደማል። መኪናው ላይ ሲጫን ማጣበቡ ይቅር፤ መንገድ ላይ ውሃ ይኑር። ሲደርሱ አዲሶቹ ከነባሮቹ ተለይተው ለብቻቸው ይክረሙ፤ መጀመሪያ ውሃና ገለባ ይቅረብላቸው፤ ፍሩሽካውና ፋጉሎው በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምር፤ አቧራው ሞላሰስ በቀላቀለ መኖና በውሃ ይብረድ። በአንድ በረት የገባ ጭነት ሳይበተን አብሮ ይቆይ፤ በየሳምንቱ አዲስ ኮርማ እየጨመሩ ውጊያውንና ጀርሙን ማደስ ይቁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚከብደው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚያወጣውና ትርፉን የሚያገኘው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዱብሉቅ ላይ ኮርማ የሚሸጠው በዓይን ነው። ደላላው ሻኛውን ያያል፤ ዳሌውን ይዳስሳል፤ ስለ ክትባቱ አይጠይቅም። የተከተበውና ያልተከተበው ኮርማ እኩል ዋጋ እያወጣ አርብቶ አደሩ ከሦስት ሳምንት በፊት ከብቱን ሰብስቦ ለክትባት እንዲቆም መምከር ከንቱ ድካም ነው። ዋጋውን መለወጥ የሚችሉት ገዢዎቹ ናቸው። የሞጆና የአዳማ አድላቢዎች ተባብረው፣ የጆሮ ምልክትና የወረዳው እንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት የፈረመበት የክትባት ወረቀት ላለው ኮርማ የ7 ኪሎውን ግማሽ ዋጋ ያህል ጨምረው ቢከፍሉ፣ ግማሹ ለራሳቸው ይቀራል። ነጋዴው በሚቀጥለው ገበያ ወረቀቱን ይጠይቃል፤ አርብቶ አደሩም ከታቢውን እርሱ ራሱ ይጠራል።